የወይዘሮ ዩሩብ አውራ ጣት

ሰኞ፣ መስከረም 18 ቀን 1974

የችሎቱ ማራገቢያ፣ ቬንቲሌተሩ፣ ዛሬም አልተሠራም። ጠዋት ሦስት መዝገብ ገለበጥኩ፣ ከሰዓት ሁለት። አሥራ አንድ ዓመት የችሎት ጸሐፊ ሆኜ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱን በቃሌ የማውቅ ሰው፣ ይኸው የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ጸሐፊ ሆኜ የውሃ ወረፋና የዶሮ ጠብ እጽፋለሁ።

ዳኞቼስ? ሀብተ ማርያም፣ ሰብሳቢው፣ ድሮ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ዛሬም ተከሳሽ ሲገባ ትኬት የሚጠይቀው ይመስላል። ወልደጻድቅ ጡረተኛ ነው፤ ችሎት ላይ ይተኛል፣ ሲነቃ "እስማማለሁ" ይላል። ተሰማ ልብስ ሰፊው ደግሞ የባለጉዳዩን የኮት ስፌት አይቶ ይፈርዳል። ሦስቱም ተሰብስበው አንድ አንቀጽ አንብበው አያውቁም።

ዛሬ ከበላያችን፣ ከከፍተኛው፣ ደብዳቤ መጣ። "ፍርድ ሸንጎዎች ሴቶችንና ጭቁን ብሔረሰቦችን ያካተቱ እንዲሆኑ..." ሀብተ ማርያም ሁለቴ አስነበበኝ።

"ምን ማለት ነው?"

"ከሦስታችሁ አንዱ ይወጣል ማለት ነው።"

ላብ አጠመቀው። ከሙቀቱ ነው ቢል ማን ያምነዋል?

እኔ አልታሰብኩም። ወንድ ነኝ፣ የደገኛ ልጅ ነኝ፣ ሕግ አውቃለሁ። ሦስት ጉድለት። የጥብቅና ፈቃድ ማመልከቻዬ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ዓመት ሞላው። የሚጎድለው ከሸንጎው ሰብሳቢ የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ከትኬት ተቆጣጣሪ...

እሑድ፣ መስከረም 24

ስብሰባ። ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት። ተሰማን በሒስ አወጡት፤ የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ አለው ተባለ። አንዲት የስፌት መኪና ያለችው ከበርቴ።

በሱ ቦታ የገባችው ወይዘሮ ዩሩብ ናት። ቀፊራ ገበያ ሽርጥና ድሪያ የሚባለውን ሰፊ የሴት ቀሚስ የምትሸጥ ሶማሌ፣ ባሏ የሞተባት። ሰፈራችን መጋላ ውስጥ የማያውቃት የለም። ሴት ያስፈልግ ነበር፣ እስላም ያስፈልግ ነበር፣ ሶማሌ ያስፈልግ ነበር፣ ጭቁን ያስፈልግ ነበር። አራቱን በአንድ ወንበር ጨረስናቸው።

ንግግር አድርጊ ሲሏት ተነሳች። "አቦ ገበያ ትቼ ነው የመጣሁ፣ ቶሎ በሉ።" ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በጭብጨባው መሀል ሀብተ ማርያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ማንበብ አትችልም አይደል?"

"አትችልም።"

"ጥሩ" አለ።

ረቡዕ፣ መስከረም 27

ከከፍተኛው ፎቶ አንሺ ይዘው መጡ። ዩሩብን መሀል አስቀመጧት፣ ባለመደገፊያው ወንበር ላይ። እኔን ከፎቶው አወጡኝ፤ ጸሐፊ ዳኛ አይደለም ተባለ። እውነት ነው። እንዲያ ከሆነ ግን ወልደጻድቅ ምን ሊሠራ ገባ?

ፎቶው እንዳለቀ ሀብተ ማርያም ወንበሩን መልሶ ወሰደ። ለሷ መደገፊያ የሌለው ዱካ ተሰጣት። ዱካውን ጎትታ መስኮቱ ሥር፣ ነፋስ ያለበት ቦታ ተቀመጠች። ሰብሳቢያችን በባለመደገፊያው ላይ ሲያልበው ዋለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5

የመጀመሪያ ጉዳይዋ። ሁለት ሴቶች ቦኖ ውሃ ላይ ተደባድበዋል፤ አንዷ ኦሮሞ፣ አንዷ ሶማሌ። ማን ነው ወረፋ የጣሰው? እንዲህ ያለው ጉዳይ እኛ ዘንድ አራት ቀጠሮ ይፈጃል። አስተርጓሚያችን ወልደጻድቅ ነዋ። ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ ይላል። ሴትዮዋ ሩብ ሰዓት ትናገራለች፣ እሱ "አላደረግኩም ትላለች" ብሎ ይመልሳል።

ዩሩብ አላስጠበቀችውም። ለየአንዳንዳቸው በየቋንቋቸው አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ካንቺ ጀሪካን ፊት የነበረው ጀሪካን ምን ዓይነት ነበር? ከኋላስ? አንደኛዋ ፊት ያለው ቢጫ፣ ኋላ ያለው እጀታው የተሰበረ አለች። ሌላዋ ዝም።

"እዚህ አገር ሰው አይሰለፍ፣ ጀሪካን ነው የሚሰለፍ" አለች ወደ እኛ ዞራ። "የተሰለፈ ሰው ጎረቤት ጀሪካኑን ያውቃል።"

አሥር ደቂቃ አልሞላም። ይሄ እንግዲህ ሕግ አይደለም፣ የገበያ ብልጠት ነው። ማስረጃ የሚመዘንበት የራሱ ደንብ አለው... ግን ምን ያደርጋል፣ አለቀ።

ፊርማው ላይ ግን ፍዳችንን አየን። "አንብብ" አለችኝ። አነበብኩ። "ድገም።" ደገምኩ። ከዚያ ቀኝ እጇን በሻሿ ጫፍ ጠራርጋ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ቀስ ብላ ጫነች። ችሎት ሙሉ ሰው ለአንድ ጣት ቆሞ ጠበቀ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 9

ሀብተ ማርያም ተማረረ። "በያንዳንዱ ወረቀት አንብብ፣ ድገም... እስከ መቼ ነው?" መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኮራበታለሁ። አሥራ ሁለት ባዶ የውሳኔ ወረቀትና የቀለሙን ሳጥን ይዤ ቀፊራ ወረድኩ። ዩሩብ ለደንበኛ ሽርጥ በክንድ እየለካች ነበር።

"ባዶ ነው?" አለች።

"ይሞላል።"

"ማነው የሚሞላ?"

"እኔ።"

"ምን ብለህ?"

"ሸንጎው የወሰነውን ነዋ፣ ጓድ ዩሩብ። አንቺም ከገበያሽ እንዳትስተጓጎዪ ብለን ነው።"

ትንሽ አየችኝ። "ሀዬ" አለች። እሺ ማለቷ ነው። በቀኟ የያዘችውን ጨርቅ እንኳ አልለቀቀችም፤ በግራዋ ጠፍ ጠፍ አድርጋ አሥራ ሁለቱንም ጨረሰችልኝ። ከደንበኛዋ ጋር እየተሟገተች። ይቺ ናት እንግዲህ ዳኛ። በግራም ሆነ በቀኝ፣ ጣት ጣት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 2

ዩሩብ ዛሬም የለችም። የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ መድረክ ላይ ተቀምጣለች። ሀብተ ማርያም ራሱ ነው የሚልካት። "የኛ ሴት ዳኛ ትታይ" ይላል። የምትታየው እዚያ፣ የሚፈረደው እዚህ። ሦስት መዝገብ ዘጋን፤ ሦስት ባዶ ወረቀት ሞላሁ። ማኅበሩ በየሳምንቱ ቢሰበሰብ ፍርዳችን ይፈጥን ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

የቤት ጉዳይ። ፋርሒያ የምትባል ሴት፣ አራት ልጆች፣ መጋላ ውስጥ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት። ባሏ ዱዓሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በጦርነቱ ዓመት ወደ ጅቡቲ ወጥቶ አልተመለሰም። ሞተ? ቀረ? አይታወቅም። ክሱ፦ ቤቱ የተመዘገበው በባሏ ስም ነው፣ ባሏ ከድቷል፣ ስለዚህ ቤቱ ሰው የለውም። ሰው የለውም... አምስት ሰው እየኖረበት። ከሳሹ በወረቀት ቀበሌው ነው። ቤቱን የሚፈልገው የሀብተ ማርያም የሚስቱ ወንድም መሆኑን ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ዩሩብ? መድረክ ላይ።

ፋርሒያ ብዙ ተናገረች፣ በሶማሊኛ። ያደግኩት እዚሁ ነው፤ ሶማሊኛዬ ለገበያና ለስድብ ይበቃል። ባለፈው ዓመት ተቆጥራ የቤተሰብ ኃላፊ ተብላ በራሷ ስም እንደተመዘገበች፣ ወረቀቱ ቤቷ እንዳለ ስትናገር ሰማሁ። ላምጣው ወይ ብላም ጠየቀች። ወልደጻድቅ ተረጎመው። "ባሌ የለም ትላለች።"

ዝም አልኩ። ሥራዬ መጻፍ ነው። "ባሏ አለመኖሩን አምናለች" ብዬ ጻፍኩ።

ሲወጣ ሀብተ ማርያም ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "የድጋፍ ደብዳቤህን ለቅዳሜ አደርስልሃለሁ። አንተ ይቺን አሳምረህ ጻፍልኝ።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

አሳመርኩት። "ተከሳሿ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቤቱን ለቃ እንድታስረክብ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።" ይህን የመሰለ ውሳኔ እዚህ ከተማ የሚጽፍ ሌላ ሰው ካለ ይምጣ። ትንሽ ረዘመብኝና የመጨረሻው መስመር የዩሩብ ጣት ላይ ወጣ። ማን ያየዋል?

ፋርሒያን ኮሪደር ላይ አየኋት። ወረቀቱን ገልብጣ ያዘችው። እንዴት እንደሚያዝ አላሳየኋትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

ደብዳቤው ቅዳሜ ደረሰኝ። "ጠበቃ" የሚለውን ቃል ሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት ጽፎታል። ቢሆንም ማኅተም አለው።

ዛሬ ዩሩብ መጣች። ፋርሒያ ገበያ መሀል ድረስ ሄዳ ወረቀቱን ፊቷ ዘርግታ "ይኸው ጣትሽ" ብላታለች አሉ። ሰው ሁሉ እያየ። ዩሩብ ቆማ፣ አልቀመጥም ብላ፣ "አንብብ" አለችኝ።

አነበብኩ።

"ድገም።"

ደገምኩ።

"በሙሉ ድምፅ ምንድነው?"

"ሦስታችሁም ተስማማችሁ ማለት ነው።"

"እኔ የት ነበርኩ?"

"ስብሰባ።"

"ጣቴ ግን እዚህ ነበረ።"

"ነበረ።"

"ሀዬ" ብላ ወጣች። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ይሄ የተሸነፈ ሰው ዝምታ ነው አልኩ። ፈርማለች፣ አለቀ። ሳያነቡ የሚፈርሙ ሁሉ መጨረሻቸው ይኸው ነው።

...ማንበብ የማትችልን ሰው ሳታነቢ ፈረምሽ ማለት ግን ምን ዓይነት ነገር ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15

ምሳ አልበላ አለኝ። ሙቀቱ ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ፋርሒያ ለከፍተኛው ፍርድ ሸንጎ ይግባኝ ብላለች። ይግባኙ እስኪታይ ትቆይ ተባለ እንጂ ግማሽ ዕቃዋ በረንዳ ላይ ነው። አልጋው፣ ሣጥኑ፣ የልጆቹ ፍራሽ። በዚያ በኩል ነው ወደ ቤት የምሄደው። ዛሬ በሌላ መንገድ ዞርኩ።

ዩሩብ ከገባች ወዲህ ያሉትን መዝገቦች በሙሉ ይዛችሁ ቅረቡ ተብለናል። ያሳሰበችው ዩሩብ ናት አሉ። ሀብተ ማርያም አልደነገጠም። "ጣቷ አለበት አይደል? የማታነበውን ወረቀት እንዴት አድርጋ ትክደዋለች?" እኔም አልደነገጥኩም። ወረቀቶቼ ንጹሕ ናቸው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የከፍተኛው ሰብሳቢ መነጽራም ሰውዬ ነው፣ ትንሽ ሕግ የሸተተው። ከኛ ይሻላል። ዩሩብን አስነስቶ የፋርሒያን ውሳኔ አሳያት።

"ይህ የእርስዎ ጣት ነው?"

"የኔ ነው።"

ሀብተ ማርያም ፈገግ አለ። "አለቀ እኮ፣ ጓድ ሰብሳቢ።"

"አላለቀም" አለች። "ቀለም አምጣ።"

አመጡላት። ንጹሕ ወረቀት ላይ አንዱን ጣት ጫነች፣ ቀጥሎ ሌላውን።

"ይሄ ቀኝ ነው፣ ይሄ ግራ ነው። አንተ መነጽር አለህ፣ እያቸው። አንድ አይደሉም። እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሰው ሲናገር ሰምቼ፣ ተነቦልኝ የፈረድኩት ቀኝ ነው። ገበያ ድረስ ባዶ ያመጡልኝ ግራ ነው። ወላሂ አንዴም አልተሳሳትኩም። መዝገቡን ፍታው።"

"ለምን እንዲህ አደረጉ?"

"ቀኝ እጄ የምበላበት ነው። የምምልበት ነው። ለባዶ ወረቀት እንዴት እሰጣለሁ?"

"ባዶ መሆኑን ካወቁ ለምን ጨርሶ እምቢ አላሉም?"

ድምጿ ዝቅ አለ። "እምቢ ብል ያስወጡኛል፣ ሌላ ሴት ያመጣሉ። እሷ ደግሞ ሁሉንም በቀኟ ትሰጣቸዋለች። የውሃ ነገር፣ የዶሮ ነገር ይሆናል ብዬ ነበር። ሰው ከቤት ያስወጡበታል ብዬ አላሰብኩም። እዚህ ላይ አጥፍቻለሁ።" ይህን ስትል ሰብሳቢውን አላየችም፤ ፋርሒያን ነው ያየችው።

መዝገቦቹን ፈቱ። ሃያ ሦስት። መነጽራሙ እያንዳንዱን ጣት ካዲሱ ወረቀት ጋር እያስተያየ ሁለት ቦታ ከመረ። ግራ አሥራ አንድ፣ ቀኝ አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለተኛው ባዶ ወረቀት ገና መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ገለጠ፣ የኔን የሚያምር ቃለ ጉባኤ። ግራ ጣት ባለበት ቀን ሁሉ "ጓድ ዩሩብ በስብሰባ ምክንያት አልተገኙም" ይላል። በኔው እጅ፣ በጥሩ ቀለም።

የፋርሒያን ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። "ጽሑፉ ጣቱ ላይ ወጥቷል" አለ። ወደኔ ዞረ። "ጸሐፊ፣ ይህን ስትጽፍ ጣቱ ነበረበት?"

ሀብተ ማርያም አየኝ። ደብዳቤው ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

"ነበረበት" አልኩ።

"የማን ሐሳብ ነው?"

"የኔ።"

ለምን አልኩ? ጽድቅ እንዳይመስለኝ። መስመሩ ጣቱ ላይ ወጥቷል፣ ብክድ የሚስቅብኝ ሰው ነው የሚበዛው። ይኸው ነው። ሌላም ነገር ቢኖርበት እዚህ ለመጻፍ አፍራለሁ።

አሥራ አንዱም ውሳኔ ተሻረ። ፋርሒያ ምን እንደተባለ አልገባትም ነበር፤ ዩሩብ በሶማሊኛ ነገረቻት። አጭር አላደረገችውም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቃል በቃል፣ የኔን "የኔ" እንኳ ሳታስቀር ነገረቻት። ፋርሒያ ዞራ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 14

ሃያ ሦስቱም መዝገብ በእጄ አልፏል። ቁጥር ሰጥቼ፣ በክር ሰፍቼ፣ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ግራና ቀኝ... ሁለት ወር ሙሉ ማስታወሻዋን በኔው መዝገብ ውስጥ ስትይዝ አላየሁም። ማንበብ የማትችለው እሷ ናት ብያለሁ። የምስቅባቸውን ሰዎች ብቆጥር ዛሬ አንደኛው ማነው?

ሰኞ፣ ጥር 3

ሀብተ ማርያም "ለሌላ ኃላፊነት ታጭቷል"። የትኛው እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ሰው መቼም ወደ ላይ ነው የሚወድቀው።

ረቡዕ፣ የካቲት 3

ቬንቲሌተሩ አልተሠራም። የተቀረው ተቀይሯል።

ዩሩብ ሰብሳቢ ሆናለች። በሀብተ ማርያም ቦታ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ፣ ጫማ ጠጋኝ፣ ገብቷል። ከሸንጎው ትወጣለህ ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። ከከፍተኛው "ጸሐፊውስ?" ብለው ሲጠይቋት "ጽሑፉ ያምራል፣ ይቆይ። ግን ያንብብ" ብላለች። ባለመደገፊያውን ወንበር አልፈልግም ብላ መስኮቷ ሥር ዱካዋ ላይ ናት። ወንበሩን ወልደጻድቅ ወርሶ የልቡን ይተኛበታል። የሚያስተረጉም የለም፣ የሚያስቸግርም የለም።

ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ትማራለች። ስሟን መጻፍ ችላለች። "ታዲያ ለምን በፊደል አይፈርሙም?" አልኳት ሰሞኑን።

"ስሜን አንተም ትጽፈዋለህ" አለችኝ። "ጣቴን ግን አትጽፈውም።"

ዛሬ የፋርሒያ ጉዳይ እንደገና ታየ። የቤተሰብ ኃላፊነት ወረቀቷን ከጉያዋ አወጣች፣ አራት ቦታ የታጠፈ። ኅዳር ላይ ላምጣው ስትል የሰማሁት ይሄን ነበር። አነበብኩት፣ በአማርኛ፤ ዩሩብ በሶማሊኛ ደገመችው። ቤቱ የሷ ሆኖ ይቀጥል ተባለ። ከግማሽ ገጽ አላለፈም። ማሳመርም አላስፈለገው።

ሦስቱም ፈረሙ። ዩሩብ በቀኟ። ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ ገፋችው። ከሥር "አንብቤ አሰምቻለሁ" የሚል መስመር አለ፤ ያስጨመረችው እሷ ናት። ብዕሬን አወጣሁ።

"ፊርማህ ያምራል" አለች። "ጣት ስጠኝ።"

ችሎቱ ሞልቷል። ፋርሒያ ፊት ለፊቴ ቆማለች። አሥራ አንድ ዓመት ጸሐፊ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱን በቃሉ የሚያውቅ ሰው...

"የትኛውን ልስጥዎት?"

"አንተ ታውቃለህ።"

ቀኜን በሱሪዬ ጠረግኩ። ነከርኩት። ጫንኩት። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀ፣ ለአንድ ጣት።

ያንን የድጋፍ ደብዳቤ አጣጥፌ የጣቴን ቀለም ጠረግኩበት። አልበቃም። ቤት ገብቼ ጣቴን በሳሙና አሸሁት፣ በአመድም። አልለቀቀም። ምሳዬን በዚያው ጣት በላሁ።